ያላመንነው አምስተኛ ነጥብ

ዲላ ከገባሁ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ቅየሳ ማስተማር ነው፤ ክፍል በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ዳገት ለዳገት እየዞርኩ መሬት እለካለሁ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ቀያሽ ነኝ አልልም። አንዴ ካልኩ ከጎረቤቱ ጋር ያለበትን የወሰን ክርክር ከሥር ከመሠረቱ ሲተርክልኝ ነው መናኸሪያ የምንደርሰው። አስተማሪ ነኝ እላለሁ። እሱም አዘን ብሎ ያየኝና ዝም ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ዝምታ ይጥመኛል።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ዳገት ነው። ይርጋጨፌ ሳይደርሱ ከዋናው መንገድ ታጥፎ በሞተር ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ሞተሩ የሚያቆመው ድልድዩ ጋ ስለሆነ ዕቃውን ከዚያ ተሸክመን እንወጣለን፤ ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን ቶታል ስቴሽን ከነሳጥኑ፣ የሚቆምበትን ሶስት እግር፣ መስተዋት የተገጠመላቸውን ዘንጎች፣ ጃንጥላ፣ ውሃ። የጉልበቴ ሕመም የጀመረው እዚያ ዳገት ላይ መሆኑን ሐኪሙ ባይቀበለውም እኔ አውቃለሁ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ዝናብ ሲበረታ በጌዴኦ ዳገቶች ላይ መሬት ይንሸራተታል። ይህኛው ዳገት ይንቀሳቀስ እንደሆነ እንድናጣራ ከወረዳው ተጠየቅን። አምስት ቦታ ላይ ብረት ተከልን፤ አምስት ነጥብ ማለት ነው። ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ እየሄድን በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት እንለካለን። ርቀቱ ከተለወጠ ከሁለቱ አንዱ ቦታውን ለቋል። የትኛው እንደለቀቀ መለየት ነው ጣጣው።

አብራኝ የምትወጣው የላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ናት። የዚያው አካባቢ ልጅ ናት፤ ጌዴኡፋውም አማርኛውም እኩል ይቀናታል፤ ሰላሳን ተሻግራለች። ከባዱን ሳጥን እሷ ነው የምትይዘው። ወደ ኋላ መቅረቴን ስታይ የጫማዋን ክር እንደምታስር ሆና ጎንበስ ትላለች፤ እኔ እስክደርስ ድረስ ክሩ አይታሰርም። ይህን ማድረጓን እንዳወቅኩ ነግሬያት አላውቅም።

ነጥቦቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ኋላ ሌላ ሰው ላይ ማላከክ እንዳያምረኝ። ያን ጊዜ በሳተላይት የሚሠራ ጂፒኤስ ነበረን። ጂፒኤስ ገላጣ ሰማይ ይፈልጋል። የጌዴኦ ዳገት ላይ ደግሞ ሰማይ ማግኘት መከራ ነው፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመካከሉ ቡና። ቤቱ እንኳ እዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ጭሱን ብቻ ነው የምታየው። ግማሽ ቀን ስንዞር ውለን ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ሰፊ ባዶ ቦታ አገኘን። ሣር ነው፤ ጥቂት ቁጥቋጦ አለበት፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ደስ ብሎኝ ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። አራቱን ነጥቦች እዚያው ገላጣው ዙሪያ ሲሚንቶ አፍስሰን ተከልናቸው። ቴክኒሻኗ ዙሪያውን አየት አየት ስታደርግ ትዝ ይለኛል። ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

አምስተኛው ነጥብ ብቻውን ነው። ከገላጣው በስተጎን ከፍ ብሎ፣ የአንድ አዛውንት ግቢ ውስጥ ከመሬት ብቅ ያለ አለት አለ። አጠገቡ ትክል ድንጋይ ቆሟል። አዛውንቱ የቆመውን እንዳትነኩ፣ የተኛው ላይ ግን የፈለጋችሁትን አድርጉ ብለው ፈቀዱልን። አለቱን በስተን ብረቱን ተከልን። ቦታው ዛፍ ሥር ስለሆነ ሳተላይት አይዝም። ከገላጣው ሆነን በመሣሪያ ስናየውም በቡናው መሃል በከፈትናት ቀጭን መስመር ነው፤ አንድ የእንሰት ቅጠል ዘንበል ካለ ይጋረዳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። ደብተሬ ላይ ከቁጥሩ ጎን «አጠራጣሪ» ብዬ ጻፍኩበት። ደብተሩ ዛሬም አለ።

በሁለተኛው ዓመት ጂፒኤሱ ሥራ አቆመ። የቻርጀር ጉዳይ ነው፤ ተጠይቋል፣ ይመጣል፣ ተባለ። ሰማይ የሚፈልገው መሣሪያ ቁም ሳጥን ገባ፤ ለእሱ ብለን የመረጥነው ገላጣ ግን እንዳለ ቀረልን። ከዚያ ወዲህ አምስቱን ነጥቦች ከውጭ የሚያያቸው አልነበረም። እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር የሚተያዩት። ይህ ነገር ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ያሰብኩት ሸክማችን በአንድ ሳጥን መቅለሉን ነበር።

ስለ ስሌቱ ትንሽ ልበል፤ ያለ እሱ ጥፋቴ አይገባም። አንድን ርቀት አስር ጊዜ ብትለካው አስር ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ እንለካና ሁሉንም የሚያቀራርብ መልስ እንፈልጋለን። ሊስት ስኩዌርስ የሚባለው ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ልኬት ከመልሱ የሚለይበትን መጠን በራሱ አባዝተህ፣ ድምሩ ትንሹ የሚሆንበትን መልስ ትይዛለህ። ዘዴው ግን የዋህ ነው። አንድ ልኬት ክፉኛ ከተሳሳተ እሱን ላለማስቀየም ሌሎቹን ሁሉ አጣሞ ያስቀምጣቸዋል። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ ሮበስት የሚባለው ዘዴ መጣ፤ እኔ ለተማሪዎቼ «የማይሸወደው» እያልኩ ነው የማስተምረው። ከብዙኃኑ ጋር የማይስማማውን ልኬት ይለይና ክብደቱን ይቀንስበታል። እንደገና ያሰላል፤ አሁንም ካልተስማማ ይበልጥ ይቀንስበታል። በመጨረሻ ያ ልኬት እየተናገረ የሚሰማው ያጣል።

ይህን ዘዴ ለዓመታት ወድጄዋለሁ። የደከመው ሰው ይወደዋል፤ መጠርጠሩን ሌላ ስለሚሠራልህ።

ገላጣው ታችኛው ጠርዝ ላይ የአዛውንቱ ሴት ልጅ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ፀሐይ ያገኛል፤ መንገዱ ይቀርበዋል። ስንወጣም ስንወርድም የምናርፈው እሷ ጋ ነበር። ውሃ ትሰጠናለች፤ ከተገኘ ቆጮ በጎመን ታቀርባለች። በሩ ያስቸግር ነበር። ለመግባት ጎትቶ ከፍ ማድረግና በትከሻ መግፋት ያስፈልጋል፤ እኔም ለምጄው ሳልጠየቅ በትከሻዬ እገፋው ነበር። ባሏ ዝናብ ባለፈ ቁጥር መላጊያ ይዞ ጠርዙን እንደሚልገው ነገረችን። እንጨቱ ውሃ እየጠጣ ነው የሚያብጠው፣ ጥሩ እንጨት አልገዛችሁም ብዬ አሾፍኩባት። ሳቀች። ከዚያ በር አጠገብ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ውሃ ጠጥቻለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ውጤቱ ጥርት ብሎ ወጣ። የገላጣው አራት ነጥቦች በመካከላቸው ያለው ርቀት ንቅንቅ አላለም። አምስተኛው ከእነሱ ያለው ርቀት ግን በየዝናቡ ተለውጧል። ፕሮግራሙ የአለቱን ልኬቶች አንድ በአንድ ክብደታቸውን አውርዶ ፍርዱን ሰጠ፤ አራቱ ቆመዋል፣ አምስተኛው ሄዷል። እኔም ከበፊቱ ጠርጥሬው ስለነበር ልቤ አላመነታም። ሪፖርቱ ላይ በአለቱ ዙሪያ ያለው መሬት እየተንቀሳቀሰ በመሆኑ እዚያ ያለው ነዋሪ ወደ ተረጋጋው ገላጣ ቢዛወር ይመከራል ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

አዛውንቱን ራሴ ልንገራቸው ብዬ ወጣሁ። ጨዋነት መስሎኝ ነው። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፤ አባታቸውና እናታቸው እዚያው ግቢ ጀርባ ተቀብረዋል። ቴክኒሻኗ በጌዴኡፋ አስረዳቻቸው። አለቱን አዩት። ከዚያ እሷን ትተው ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ መለሱልኝ።

«ድንጋይዋ አልሄደችም። አባቴም እዚህ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እናንተ ናችሁ የሄዳችሁት።»

ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታ ዛሬ ሳስባት ፊቴን ይለበልበኛል። አባባ፣ አራቱ ነጥቦች ይስማማሉ፣ የማይስማማው የእርስዎ ብቻ ነው አልኳቸው። እሳቸውም በእነሱ ዘንድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ነገሩ እንደማይዘጋ፣ ሁሉም ተነስተው መሬቱን ሄደው እንደሚያዩ ነገሩኝ። ጥሩ ልማድ ነው አልኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ከድልድዩ የሚወስደን ሞተረኛ ይጠብቃል። አዛውንቱ ትእዛዝ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ምክር ነው አልኳቸው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን እንደ ምክር አይነበብም። ይህን እኔ፣ ዕድሜ ልኬን በማኅተም ስሠቃይ የኖርኩት፣ ልረሳው አይገባም ነበር። ስንወርድ ቴክኒሻኗ ገላጣው ጋ ቆም ብላ ወደ አለቱ ዞራ አየች። ደክሟት ነው ብዬ እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ለዕድገት አንድ ጽሑፍ ማሳተም ነበረብኝ። ቀነ ገደቡን ሁለት ጊዜ አራዝሜ ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ፤ እጅ እጅ ብሎኛል። አዲስ ነገር ለማሰብ አቅም ስላልነበረኝ እጄ ላይ ያለውን ያዝኩ፤ የማይሸወደው ዘዴ ምን ያህል ይታመናል የሚል ጥያቄ። አሠራሩ ቀላል ነው። የዳገቱን ልኬት ትወስዳለህ፤ ሆን ብለህ አንድ ነጥብ ላይ ውሸት ትጨምራለህ፤ ፕሮግራሙ ውሸቱን የጨመርክበትን ነጥብ ያገኘው እንደሆነ ታያለህ። ይህን ደጋግመህ ስንት ጊዜ እንዳገኘ ትቆጥራለህ። ሐሰተኛ ምስክር አቁሞ ዳኛን መፈተን ነው።

አንዱ ነጥብ ሲዋሽ ዘዴው አይስትም ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሲዋሹ ይንገዳገዳል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ይይዛቸዋል። ሦስቱን ወስጄ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ እኩል ሳንቀሳቅሳቸው ነገሩ ተገለበጠ። ሦስቱ ስለሚስማሙ ቆመዋል ተባሉ፤ ምንም ያልሆኑት ሁለቱ ተወነጀሉ። አራቱን አንድ ላይ ስወስዳቸውማ ፕሮግራሙ ቅንጣት ታህል አላመነታም። የቀረውን አንዱን ከስሶ በትልቅ ቀስት አመለከተው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ለወራት ደርቆብኝ የነበረው ጽሑፍ ሰንጠረዥ አገኘ። መብራት ሳይጠፋ ብዬ ቀስቱን አተምኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ቴክኒሻኗ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማለች። የመሣሪያውን ባትሪ ልታስቀምጥ ገብታ ነው። ወረቀቱን ይዛው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሪፖርቱ ላይ ያለው ሥዕል አይደል?» አለችኝ።

አይደለም፣ ይሄ የፈጠራ ነው፣ አራቱን ነጥቦች እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኳቸው አልኳት። ከመደርደሪያው ሪፖርቱን አወጣችና ገጹን ገልጣ ከወረቀቱ ጎን አስቀመጠችው። ሁለቱም ላይ አራት ዝም ያሉ ነጥቦች አሉ። ሁለቱም ላይ አንድ ቀስት አምስተኛው ላይ ቆሟል። አንዱ ላይ ውሸቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላው ላይ ማን እንደሠራው ማየት ጀመርኩ።

ተቀመጥኩ። እሷ አልተቀመጠችም። ገላጣው ላይ ለምን ዛፍ እንደሌለ አስቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላሰብኩም አልኳት።

«እኛ ጋ ዝም ብሎ ባዶ የሚቀር መሬት የለም ጋሼ። ዛፍ የሌለበት መሬት፣ መሬቱ ራሱ አንዴ የሄደ ነው።»

ይህን ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርሽኝም አልኳት። በቁጣ ነው ያልኳት፤ ቁጣው የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ጂፒኤሱ ሰማይ ያስፈልገዋል ብለውኛል አለች። ቀጥላም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆኖም ጥርጣሬ ልኬት አይደለም። አንዴ ፈርሜ ሰውን ከቤቱ ይነሣ ብያለሁ፤ ሁለተኛ በግምት ልናገር አልቻልኩም። ከውጭ የሚያይ ምስክር ያስፈልጋል። ቁም ሳጥኑን ስናገላብጥ በመጀመሪያው ዓመት ለልምምድ ይዘናቸው የወጣናቸው ተማሪዎች መዝገብ ወጣ። ከዳገቱ ሥር ካለው ወንዝ ማዶ፣ ሌላ ዳገት ላይ ካለ አለት ላይ ምልክት አድርገው አምስቱንም ነጥቦች ለክተው ነበር። የተማሪ ልኬት ነው ብዬ ስሌቱ ውስጥ ሳላስገባው ረስቼዋለሁ። ጽሑፉ የተዝረከረከ ነው፤ አንዱ ገጽ ላይ የሙዝ እድፍ አለ። ቁጥሩ ግን አለ።

በማግስቱ ማልደን ወጣን። ማዶውን ዳገት ወጥተን የተማሪዎቹን ምልክት ፈልገን አገኘነው። መሣሪያውን ተከልን። ነጥቦቹ ጋ እየሄደ መስተዋቱን የሚይዝልን የአካባቢው ገበሬ ነበር። እሷ ታነባለች፤ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ነጥብ ከድሮው ቁጥር ይልቅ ወደ ወንዙ ቀርቧል። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ ሁሉም በእኩል መጠን። አምስተኛውን ለማየት ነፋሱ ቅጠሉን ገለጥ እስኪያደርግ ጠበቅን። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ተማሪዎቹ ከጻፉት ቁጥር አልተነቃነቀም።

ገላጣው በሙሉ፣ አራቱን ነጥቦቼን ተሸክሞ፣ እንዳለ አንድ ላይ እየወረደ ነበር። እርስ በርስ የማይለያዩት ስለቆሙ ሳይሆን አብረው ስለሚሄዱ ነው። እኔም እነሱ ላይ ቆሜ ነበር የቆመውን አለት ሄደ ያልኩት።

መሣሪያውን ከታትተን ወንዙን ተሻግረን ወጣን። መጀመሪያ የሚገኘው የልጅየዋ ቤት ነው። አዛውንቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቃጫ ይገምዳሉ። የምፈራው ሆነ። የእሳቸው ቤት ፈርሷል። ጎረቤት ተሰብስቦ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ወደ ገላጣው አውርዶላቸው፣ ከልጃቸው ቤት ጎን አንድ ክፍል ቀጥሎላቸዋል። አብረው ያወረዷቸው የእንሰት ችግኞች በተርታ ተተክለዋል። ሪፖርቱ እንዳለው አድርገዋል። አንዲት ቃል አላጎደሉም።

ልጅየዋ ግቡ አለች። በሩን በትከሻ ገፍታ ከፈተችው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዝናብ ባለፈ ቁጥር የሚላገው በር። መሬቱ ከሥሩ እየሸሸ የበሩ ፍሬም ቀስ እያለ ሲጣመም ሦስት ዓመት ሙሉ በትከሻዬ ሳረጋግጠው ኖሬያለሁ፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቷል ብዬም አሹፌያለሁ።

ቴክኒሻኗ ልትናገር ስትል እኔ እናገራለሁ አልኳት። ደጃፉ ላይ ከአዛውንቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መሳሳቴን ነገርኳቸው። የተንቀሳቀሰው የእርስዎ ግቢ አይደለም፣ ይሄ አሁን የተቀመጥንበት ነው፣ ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት እርስዎም ልጅዎም ከዚህ ተነሱ አልኳቸው። ይቅርታም ጠየቅኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ ትንሽ ሆነብኝ። ልጅየዋ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ ቆይታ ትንሿን ልጇን ከመሬት አነሳችና ታቀፈቻት፤ መሬቱን እየነካች እንዳትቆይ የፈለገች ይመስል።

አዛውንቱ ቃጫውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«አሁንስ ማን ነገራችሁ?» አሉ።

«የእርስዎ ነጥብ» አልኳቸው። «አለቱ ላይ ያለው።»

«እሷማ መጀመሪያም ተናግራለች» አሉኝ።

አልተቆጡም፤ አልረገሙኝም። ቢቆጡ እኔም የምመልሰው አገኝ ነበር። ተነስተው ገብተው አማቻቸውን መዶሻ እንዲያመጣ ነገሩት።

የቤቱ ዕቃ ወደ ላይ እስኪመለስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ያው ጎረቤት ያወረደውን ቆርቆሮ መልሶ አወጣ፤ አሁን ደግሞ የልጅየዋ ቤት ስላለ ሸክሙ በዝቷል። እኔም ሄድኩ። ማንም ና አላለኝም፤ ማንም ሂድም አላለኝም። ለእኔ የደረሰኝ በሩ ነበር። ከፊት አማችየው ይዞ፣ ከኋላ እኔ ይዤ፣ ያን ዳገት ወጣነው። በመካከሉ ሦስት ጊዜ አሳረፍኩት። ሰዎቹ መንገድ ላይ ስለ እኔ ሲያወሩ በጌዴኡፋ ነበርና አልገባኝም። ቴክኒሻኗ የማትተረጉምልኝ መሆኑ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አለቱ አጠገብ የተሠራው ቤት ለስምንት ሰው ጠባብ ነው። በሩን አዲስ ፍሬም ላይ ሰቀሉት። እዚያ መሬቱ አይሄድም፤ ፍሬሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሩ ሲዘጋ ግን በጎኑ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። አማችየው በየዝናቡ የላገው ነው። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ልጅየዋ ክፍተቱን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቀጠቀችው። ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል።

አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። የመጀመሪያውን የተቀበሉ ሰዎች ሁለተኛውን ሲቀበሉ ትንሽ አፍጥጠው አዩኝ፤ እውነታቸውን ነው። ገላጣው እስከ ዛሬ አልተናደም። በየዝናቡ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይወርዳል። ሳይናድ የቆየ ዳገት ደግሞ ቀያሽን አያስከብርም። አንዳንዱ አሁንም የተሳሳትኩት በሁለተኛው ነው ይላል፤ ገላጣው ላይ ከብት የሚያግድም አለ። እኔ እያየሁ እደክማለሁ። ዕድገቱ የሚጠብቀው ጽሑፍ አላለቀም። ሰንጠረዡን ከፍቼ አራቱ አንድ ላይ የሚዋሹበት ረድፍ ጋ ስደርስ መልሼ እዘጋዋለሁ። ከሥሩ ልጽፈው የሚገባኝን አውቃለሁ፤ ዘዴው ብዙኃኑ ሲሳሳቱ አይታመንም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስንት ሸክም ዳገት እንደወጣበት ግን ሰንጠረዥ ውስጥ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ልኬቱን አላቆምንም። የማዶው አለት አሁን ስድስተኛ ነጥባችን ሆኗል። ማለዳ ከማዶ እንለካለን፤ ከዚያ ወንዙን ተሻግረን እንወጣለን። ፕሮግራሙን በላፕቶፕ ይዤው ነው የምሄደው። ቴክኒሻኗ ዛሬም ሳጥኑን ይዛ ትቀድመኛለች፤ ዛሬም ጫማዋን ታስራለች። እኔም ከሥሯ ስደርስ ቆም ብዬ፣ ይህ መሬት ምን ይመስልሻል ብዬ እጠይቃታለሁ። መልሷን ደብተሬ ላይ ከቁጥሮቹ ጎን እጽፈዋለሁ።

አዛውንቱ አለቱ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁን። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ስለ ጉልበቴ ይጠይቁኛል። ላፕቶፑን ከፍቼ አስልቼ እስክጨርስ አይናገሩም። ስጨርስ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ዛሬስ ማንን አላመንክም ልጄ?»

መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሲሉኝ አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን ስክሪኑን አይቼ እነግራቸዋለሁ። ከአራተኛው ወደ ሁለተኛው ያለው ልኬት ነው፣ ወይም ከማዶ ወደ ሦስተኛው ያለው፤ ከሌሎቹ ጋር አልስማማ ብሏል፣ ፕሮግራሙም ክብደቱን ቀንሶበታል እላቸዋለሁ። እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ይነሳሉ።

«በል እንሂድ፣ እንያት» ይሉኛል።

ጉልበቴን ይዤ እነሳለሁ። ቴክኒሻኗ ሶስት እግሩን ትከሻዋ ላይ ታደርጋለች። በቡናው መሃል ተከታትለን እንወርዳለን።